ጣሪያ ለቆመ ሰው

ድንጋይ ጠራቢው የልብስ ስፌት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሱሪውን አቧራ እያራገፈ፣ «እናትሽ ትናንት መጥተው ቀብዱን ወሰዱ እኮ፤ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው ሳልጠይቅ የመለስኩላቸው» ሲላት፣ ልብስ ሰፊዋ ስፒሎች በከንፈሯ ነክሳ የሰው ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ሥር ተንበርክካ ነበር። ስፒሎቹን አንድ በአንድ እስክታወጣ ድረስ መልስ መስጠት አልቻለችም። ምናልባት የጠቀማትም ያ ዝምታ ነው። ምላሷ ነጻ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚወጣት ስድብ ነበር፤ ስድቡም የሚያርፈው ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ ነበር።

«የምን ቀብድ?» አለች በመጨረሻ።

ለወንድሟ መቃብር የታዘዘው ድንጋይ ቀብድ ነው። ወንድሟ በሞተር ብስክሌት ለሰው ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት የጭነት መኪና ገጭቶት ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መቃብሩ ግን እስከ ዛሬ የአፈር ክምርና ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ብቻ ነው። የድንጋዩን ገንዘብ ያጠራቀመችው እሷ ናት፤ የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ የሰው ወገብ እያሰፋች፣ የሰው ዚፕ እየቀየረች። ሄዳ ስታዝዝና በማን ስም ይመዝገብ ተብላ ስትጠየቅ ግን፣ ልጅ የቀበረችው እናቴ ናት ብላ በእናቷ ስም አስመዘገበችው። ለክብሯ ብላ። ክብርም ዋጋዋን ሰጣት፦ እናትየው መታወቂያዋን አሳይታ፣ ፈርማ፣ ገንዘቡን በቦርሳዋ ከታ ሄደች።

«ስሙን ቀርጬ ጨርሻለሁ» አለ ድንጋይ ጠራቢው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ይልቅ ያፈረ ይመስላል። «ስም ያለበት ድንጋይ ማን ይገዛኛል? ግን ጀርባው ንጹሕ ነው። አንድ ቤተሰብ ለአባታቸው ፈልገውታል፤ ገልብጬ በጀርባው እጽፍላቸዋለሁ። እስከ ሥራ መውጫ ካመጣሽ ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ ነገ ጠዋት እጀምራለሁ። አትቀየሚኝ እህቴ፤ እኔም ድንጋይ አልበላም።»

«የወንድሜ ስምስ?»

«ወደ ታች ይሆናላ። ማንም አያየውም።»

ይህንን ለማጽናናት ብሎ ነው የተናገረው። እሷ ግን የወንድሟ ስም በማያውቀው ሽማግሌ ደረት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ፊደሎቹ ውስጥ ጭቃ ሲገባ ታያት። ድንጋይ ጠራቢው ሄደ። በጨርቅ መጋረጃው ጀርባ በእንፋሎት ውስጥ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ልብስ ተኳሿ ግን፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወሬ ሳትሰማ አልፋ ስለማታውቅ፣ ካውያውን አቁማ ብቅ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ባል ልታገባ ነው እንዴ? የልጅ መቃብር ቀብድ የሚያስመልስ ሌላ ምን አለ?»

«ባል ቢሆንማ ቀሚሷን በነጻ እሰፋላት ነበር።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ለቤት ኪራይ።»

«እናንተ የራሳችሁ ቤት አላችሁ አይደል?»

«አለን። ይሄኛው የሌለው ቤት ነው» አለችና ካፖርቷን አነሳች። ልብስ ተኳሿ አፏን ከፍታ ቀረች። አፏ ተከፍቶ ሲቀር ማየት ብርቅ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቆማ ትደሰትበት ነበር።

እውነቱን መናገር ያሳፍራል። እናቴ በስልክ ውስጥ ላለ ጨዋታ መሬት ተከራይታለች እንዴት ይባላል? ጎረቤት ሲጠጣ፣ ሲቆምር፣ ሲሰርቅ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚል ያውቃል። ጨዋታውን መጀመሪያ እናቷ ስልክ ላይ የጫነላት ወንድሟ ነበር፤ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ዕድሜዋን ጨርሳ ጡረታ ስትወጣ እጇን የምታስገባበት አጥታ ስትቅበጠበጥ ቢያይ ጊዜ። ሰዎች እዚያ ውስጥ በምስል ይገባሉ፣ ይራመዳሉ፣ በጽሑፍ ያወራሉ፣ ይገበያያሉ፤ የሚገበያዩት ግን በእውነተኛ ገንዘብ ነው። አንድ የመስኮት መጋረጃ የሁለት ሱሪ ማሳጠሪያ ያወጣል። ልብስ ሰፊዋ አንዴ ይህንን ካሰላች በኋላ ሳትሳደብ ማሰብ ስላልቻለች፣ ሁለተኛ ላለማሰብ ወሰነች። እናቷ ሶፋው ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ስትውል፣ ይቺ ደግሞ በስተርጅና ልጅ ሆነች ብላ ታልፋታለች። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። በዚያ ቤት ማንም ማንንም መጠየቅ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ በሩን ስትከፍት እናቷ እዚያው ጥጓ ላይ ናት። ካፖርት ደርባ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋለች። የቤቱ ማሞቂያ ከተበላሸ ከርሟል፤ ማሠሪያ የለም እየተባለ ዕቃ መደርደሪያ ሆኗል። ክፍሉ ሁለት ነው፤ በመሀሉ ሳል የማይከለክል ቀጭን ጣውላ አለ፤ በወዲህ እናትየው፣ በወዲያ ልጅቷና ስፌት ማሽኗ። መስኮቱ ሥር የሞተው ልጅ አልጋ ተጣጥፎ ቆሟል። ማንም አይዘረጋውም፣ ማንም አይሸጠውም።

«ጫማሽን አውልቂ፤ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት» አለች እናቷ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል።

«ገንዘቡን ከፍለሽዋል?»

«አልከፈልኩም። እስከ ማታ ጊዜ አለኝ።»

«እማዬ፣ የድንጋዩ ገንዘብ ነው!»

«አውቃለሁ። ድንጋዩ የት ይሄዳል? ድንጋይ አይደል፤ ይጠብቃል።»

«አይጠብቅም! ዛሬ ካልተከፈለ ገልብጠው የሰው አባት ሊጽፉበት ነው። ልጅሽ ስሙ ጭቃ ውስጥ ሊደፋ ነው፤ አንቺ እዚህ የሌለ ቤት ታሞቂያለሽ!»

እናትየው ያኔ ቀና አለች። ልትቆጣ ነው ብላ ልብስ ሰፊዋ መልሷን አዘጋጅታ ነበር፤ የተዘጋጀ መልስ አጥታ አታውቅም። እናቷ ግን አልተቆጣችም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላትና «ነይ እዪው» አለች፤ «ቀስ በይ ብቻ።»

ስልኩ የእናቷን አሻራ አይቀበልም፤ በረኪና የጣቷን መስመር በልቶት ጨርሷል። ቁጥሩን አንድ በአንድ ነካች። መስታወቱ ላይ ጠባብ ቤት ታየ፤ ግድግዳው ቡናማ፣ ጥጉ ላይ የሚነድ ማሞቂያ፣ ውጪ ዝናብ። አንዲት ጠጉሯ ነጭ የሆነ ሴት መሀል ቤት ቆማለች፤ እናቷ ናት። በዚያ ዓለም ሰው ሁሉ ወጣት ሆኖ ነው የሚፈጠረው፤ እርጅና ከፈለግሽ ትገዢያለሽ። ሌላው ለጡንቻና ለጫማ ሲከፍል እናቷ መጀመሪያ የገዛችው ሽበት ነበር። «እንዲያውቀኝ ብዬ» አለች።

ከሴትዮዋ ፊት ወንድሟ ቆሟል።

ልብስ ሰፊዋ ስለ ቤቱ ሰምታለች፣ ስለ እሱ ግን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። በዚያ ጨዋታ ሰው ሲወጣ ምስሉ አይጠፋም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተወበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ባለቤቱ እስኪመለስ። ወንድሟ በሞተበት ቀን ሥራ ተጠርቶ ሲነሣ ምስሉን የተወው ሜዳ ላይ፣ መንገድ መሀል ነው፤ አንድ እግሩን እንዳስቀደመ። እዚያም ይዘንባል። እናትየው ፈልጋ ስታገኘው ዝናቡ በጠጉሩ ላይ ይወርድ ነበር። ሌላ ሰው መጥቶ ግንብ እንዳይገነባበት ብላ መጀመሪያ የቆመበትን መሬት ተከራየች። ከዚያ ጣሪያ አሠራችለት፤ ነፋስ ሲያይልበት ግድግዳ፤ አላፊ አግዳሚው እየገባ ሲስቅበት በርና ቁልፍ፤ በመጨረሻ ማሞቂያ። ማስቀመጥ ግን አልቻለችም። እሱን ማንቀሳቀስ የሚችለው ራሱ ብቻ ነው። ወንበር ገዝታ ከኋላው አድርጋለታለች።

«አሻንጉሊት ነው፣ እማዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድምፅዋ ግን የራሷ አልመስል አላት።

«ሞኝ አደረግሽኝ? መሞቱን ካንቺ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ልብሱን ከላዩ የለየሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቆሟል። ኪራዩ ዛሬ ካልገባ ማታ ሁሉንም ያነሡበታል። እዚያ መቃብሩ ውስጥስ ቢያንስ ተኝቷል።»

ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች፤ ቁልፉንም አዞረች። ከማሽኗ ሥር ያለውን መሳቢያ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ቁልፍ ከፈተች። ከዚፖቹ በታች የወንድሟ አሮጌ ስልክ አለ፤ ለጨዋታ ብቻ የሚጠቀምበት፣ ያን ቀን ቤት የተወው። እናቷ ከሱ ጋር ተፈጭቷል ብላ ነው የምታምነው፤ እሷም አላረመቻትም። የሚስጥር ቁጥሩን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱ ስለሚረሳ የመረጠችለት እሷ ናት። ለምን ከፍተሽው አታውቂም ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ ቢጠይቋት ቻርጀሩ ጠፍቷል ትል ነበር። ቻርጀሩ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

የምታደርገውን ወስናለች። ገብታ ታጠፋዋለች። የቆመ ሰው ከሌለ ጣሪያ አያስፈልግም፤ ጣሪያ ካላስፈለገ ገንዘቡ ለድንጋዩ ይሆናል። እናቷ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ይወጣላታል። ስልኩን ቻርጀሩ ላይ ሰክታ አበራችው፤ ቁጥሩን አስገብታ ጨዋታውን ከፈተች። «መለያዎን ለዘለዓለም ያጥፉ» የሚለውን አገኘችው። «እርግጠኛ ነዎት?» አላት። እርግጠኛ ነበረች። ግን መስታወቱ ላይ በወንድሟ ዓይን ቤቱን አየችው፤ ዓይኑን ገልጧልና። ነጭ ጠጉር ያላት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ትጠርጋለች። አቧራ በማይወርድበት ቤት መጥረጊያ ገዝታ ትጠርጋለች።

ሴትዮዋ ዘወር አለች።

ከጣውላው ወዲያ አንድ ነገር ወደቀ፤ ብርጭቆ ይሁን ሌላ። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ የእናቷ ጣት መስታወቱን ሲመታ፣ ቶክ፣ ቶክ፣ ጣሪያ የሚያፈስ ይመስል። ከነጭ ጠጉሯ በላይ ፊደል ወጣ።

«ነቃህ»

ልብስ ሰፊዋ አውራ ጣቷን ማጥፊያው ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«አትናገር ደክሞሃል» አለ ጽሑፉ፤ ቶክ፣ ቶክ፤ «እኔ ልናገር። ቤቱን ወደድከው? እህትህ ደህና ናት። ትቆጣኛለች እንጂ ደህና ናት። ከሄድክ ወዲህ ቆማ ነው የምትበላው። አንድ ቀን ከኔ ጋር ተቀምጣ በልታ አታውቅም። ብጠይቃት ታለቅስብኛለች ብዬ ፈራሁ። ጎበዝ ናት። እሷ ባትኖር እኔም አልነበርኩ። ለሷ እንዲህ ብዬ መናገር አልሆነልኝም»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በመሀላቸው ያለው ጣውላ ጣት አይሞላም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አላሳለፈም። ተነሥታ ሄዳ እጇን እናቷ ትከሻ ላይ ብታደርግ ያልቅ ነበር። ግን ኩሩ ናት፤ ደግሞም ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ድንጋይ ጠራቢው መዶሻውን አዘጋጅቷል። ማጥፋት ያቃታት እጅ መጻፍ ቻለ።

«እማዬ ድንጋዬን አስቀምጪልኝ» ብላ ጻፈች።

ውጪው መንገድ ላይ መኪና አለፈ፣ ሰው ሳቀ። ወንድሟ ቤት ውስጥም ማሞቂያው ነደደ፣ ዝናቡ ዘነበ። ረጅም ጊዜ ቆይቶ ቶክ፣ ቶክ።

«ጣሪያውስ»

«ዝናቡ አይሰማኝም» ብላ ጻፈችና ስልኩን አጠፋችው፤ መሳቢያው ውስጥ ከዚፖቹ ሥር ቀብራ ቆለፈችበት፤ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

እናቷ ስትወጣ ጫማዋን ያደረገችው ደረጃው ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ስታይ አሮጊቷ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ በዝናብ ውስጥ ትሮጣለች፤ ጉልበቷ እምቢ እያለ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ደጃፍ እንደምትቀበል ሴት።

ከሰዓቱን ሱቅ ውስጥ አሳለፈችው። የሙሽራይቱ ጠርዝ ተጣመመባትና ሁለቴ ፈታችው። ልብስ ተኳሿ አንድ ሁለት ጊዜ ልትጎነትላት ሞከረች፤ መልስ ስታጣ ግን ፈራች መሰል፣ ሻይ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። ሊዘጉ ሲሉ ድንጋይ ጠራቢው በደጅ አለፈ፤ ቆም ብሎ፣ «መጡ እኮ እናትሽ፤ ከፈሉ» አላት። «ፊደሎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ይበርደዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ድንጋዩ ማለታቸው ነው መሰለኝ። አይበርደውም አልኳቸው። ምን ልበል?»

«ደግ አደረግህ» አለችው። አሸንፋለች። ያሸነፈ ሰው ቀለል ይለዋል ይባላል እንጂ እሷ የተሰማት ሌላ ነው፤ የሰው ልብስ ለብሳ መንገድ ላይ ባለቤቱ ያያት ይመስል አንገቷ ጋለ።

ቤት ስትደርስ መብራቱ ሁሉ በርቷል። እናቷ ጠጉሯን ታጥባ አበጥራለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ። ስልኩ እጇ ላይ የለም፤ ብርድ ልብሱ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ኪራዩ ያለፈበት ሰዓት ነው፤ ይሄኔ ጣሪያው ተነሥቷል፣ ማሞቂያው ጠፍቷል፣ ወንበሩም ከኋላው ተወስዷል። ልብስ ሰፊዋ ካፖርቷን ሰቀለች። እንደ ሁልጊዜው ሳህኗን ይዛ መስኮቱ ጋ ልትቆም ሄደችና ተመልሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናቷ አየቻት፤ ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ወደሷ ገፋችው። አብረው በሉ።

«ወንድምሽ አናገረኝ» አለች እናቷ።

«ምን አለሽ?» መጠየቅ ነበረባት። አለመጠየቅ ራሱ መናዘዝ ነው።

«ድንጋዬን አስቀምጪልኝ አለኝ። ዝናቡ አይሰማኝም አለኝ።» እናቷ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ አለች፤ ፊቷ የሠላሳ ዓመት ሴት ፊት ሆነ፤ በዚህኛው ዓለም፣ ያለ ክፍያ። «ከዚያ ብዙ አወራን።»

«ብዙ?»

«እንዴ! ብዙ ነው እንጂ። አባታችሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብሮት ነው። ይጣላሉ አሉ፣ እንደ ድሮው፣ በረባ ባልረባው። ያን የመኪና ሹፌር እርግማንሽን አንሺለት አለኝ፤ አነሣሁለት። ሲገጨኝም አላመመኝም፣ ቶሎ ነው ያለቀው አለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ የጻፈችው ሁለት መስመር ነው። ሁለት መስመር ጽፋ ስልኩን አጥፍታዋለች፤ ከዚፖቹ ሥር ነው፣ የመሳቢያው ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው፣ ቁጥሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እናቷን በዓይኗ ፈተሸቻት፤ ጨርቅ ላይ እንከን እንደምትፈልግ፣ ክር በክር። እናቷ ስትዋሽ ቅንድቧ ይነሣል፣ ልጆቿ ሁሉ ያውቁታል። ቅንድቧ አልተነሣም። እያለመች አይደለም፣ እየቀለደችም አይደለም፤ የሰማችውን የምትናገር ሴት ናት።

እኔ ነኝ እማዬ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩልሽ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ለማንም አፏን ሰብስባ የማታውቅ ልጅ ናት፤ በጎረቤት ዘንድ ስሟ መርዝ ነው። አሁን ብትናገር አሮጊቷ አንዴ ትወድቃለች፣ ከዚያ ትነሣለች፣ ነገሩ ያበቃል። ዳቦዋን አስቀመጠች። አፏን ከፈተች።

«ለአንቺም የሚነግርሽ አለው» አለች እናቷ ቀድማ። «ለምን አልነገርካትም ብዬ ብጠይቀው፣ ያን ቀን ስወጣ በር ላይ ነግሬያት ማሽኑ ይጮህ ስለነበር አልሰማችኝም አለ። ነገ መጥቼ እነግራታለሁ ብሏል።»

ያን ቀን ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብሏት ነበር። እውነት ነው። የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታለች፤ የማሽኑ ድምፅ ውጦት ቃሉ አልደረሳትም። እግሯን ከፔዳሉ አላነሣችም፤ «እ?» እንኳ አላለችም፤ በእጇ ሂድ አለችው፤ ሄደ። ይህንን ለሰው ነግራ አታውቅም። እናቷ ያኔ ገበያ ነበረች።

ምናልባት ሰው ሲወጣ ሁሌም በር ላይ አንድ ነገር ይላል። ምናልባት ማሽኑ ሁሌም ይጮሃል፣ እናትም ይህን ለማወቅ እዚያ መኖር የለባትም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ አሰበች፤ አእምሮዋ መቀስ ነው፣ እንዲህ ያለውን ለመቁረጥ አይዘገይም። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ በጣቷ ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከጣውላው ወዲያ መሳቢያው እንደተቆለፈ ነው። ከዚያ ስልክ ጀርባ ማንም እንደሌለ በዚህች ምድር ላይ በርግጠኝነት የምታውቅ አንዲት ሰው ብትኖር እሷ ናት።

እናቷ ሳህኖቹን ልታነሣ ብድግ አለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻት።

«ነገ በስንት ሰዓት እመጣለሁ አለ?»